ተደራራቢ ቅንፍ ያለበትን የፈንክሽን ጥሪ በሬጄክስ መለየት ይቻላል?

ቅንፍ_ፈላጊ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። በአንድ የቆየ ፕሮጀክት ውስጥ በብዙ ፋይሎች ተበትኖ የሚገኝ «ምዝግብ» የሚባል ፈንክሽን አለ። በቅንፉ ውስጥ ከሚሰጡት እሴቶች (አርጊዩመንቶች) የመጀመሪያው የመልእክቱ ደረጃ፣ ሁለተኛው ደግሞ ራሱ መልእክቱ ነው። አሁን የሁለቱ ቦታ እንዲቀያየር ስለተወሰነ፣ ጥሪዎቹን ሁሉ በእጅ ከማስተካከል ይልቅ በሬጄክስ (የሚፈለገውን ጽሑፍ ቅርጽ ፓተርን በሚባል የምልክቶች ቀመር የመግለጫ ዘዴ) ፈልጎ የሚተካ ትንሽ ስክሪፕት በፓይተን መጻፍ ጀምሬያለሁ። ለጥያቄው እንዲመች የፈንክሽኖቹን ስሞች በአማርኛ አድርጌ አስቀምጫቸዋለሁ።

ቀላል የሆኑት ጥሪዎች ያለ ችግር ተስተካክለዋል። ችግሩ የመጣው መልእክቱ ራሱ የሌላ ፈንክሽን ጥሪ ሲሆን፣ ያም ጥሪ በውስጡ ሌላ ጥሪ ሲይዝ ነው፦

`ምዝግብ(2, ቅረጽ(ስም, ዕድሜ(ሰው)))`

መጀመሪያ የሞከርኩት ይህን ነበር፦

`ምዝግብ\((.*)\)`

ይህ በአንድ መስመር ላይ አንድ ጥሪ ብቻ እስካለ ድረስ የሚሠራ ይመስላል። ሁለት ጥሪዎች ተከታትለው ሲመጡ ግን ከመጀመሪያው ከፋች ቅንፍ ጀምሮ እስከ መስመሩ የመጨረሻ ዘጊ ቅንፍ ድረስ ያለውን ሁሉ እንደ አንድ ጥሪ ይውጠዋል። ስለዚህ የጥያቄ ምልክት ጨምሬ ቁጥብ አደረግሁት፦

`ምዝግብ\((.*?)\)`

አሁን ደግሞ ገና የመጀመሪያውን ዘጊ ቅንፍ ሲያይ ስለሚያቆም፣ የሚያመጣልኝ «2, ቅረጽ(ስም, ዕድሜ(ሰው» የሚል ጅራቱ የተቆረጠ ጽሑፍ ነው። በሦስተኛው ሙከራ ውስጡ አንድ ደረጃ ቅንፍ እንዲፈቅድ አድርጌ ጻፍኩት («[^()]» ማለት ቅንፍ ያልሆነ ማንኛውም አንድ ፊደል ነው)፦

`ምዝግብ\(((?:[^()]|\([^()]*\))*)\)`

ይህኛው አንድ ደረጃ ለገባ ቅንፍ በትክክል ይሠራል፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ላይ ግን ቅንፉ ሁለት ደረጃ ስለሚገባ ጭራሽ ምንም አያገኝም። ሌላ ደረጃ ልጨምርበት እችላለሁ፤ ነገር ግን ነገ አራት ደረጃ የገባ ጥሪ ይገጥመኛል ብዬ እሰጋለሁ። ጥልቀቱ ምንም ያህል ቢሆን ከፋችን ከዘጊው ጋር አጣምሮ የሚያገኝ አንድ ፓተርን መጻፍ ይቻላል ወይስ ከመነሻው መንገድ ስቻለሁ?

---

ቁልል

ሙከራዎችዎ ለምን እንዳልተሳኩ ቀረብ ብሎ ማየቱ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሦስቱም የወደቁት በአንድ ምክንያት ነው። «.*» ስግብግብ ነው። መጀመሪያ እስከ መስመሩ መጨረሻ ድረስ ይሮጣል፤ ከዚያ ዘጊ ቅንፍ እስኪያገኝ ድረስ አንድ አንድ ፊደል እየለቀቀ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ አካሄድ የሚያገኘው ምንጊዜም የመጨረሻውን ዘጊ ነው። «.*?» በተቃራኒው ከባዶ ይጀምርና «ዘጊ ላይ ደረስኩ?» እያለ አንድ አንድ ፊደል ስለሚጨምር የሚያገኘው ምንጊዜም የመጀመሪያውን ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ግን የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም አይደለም፤ ከ«ምዝግብ» ከፋች ጋር የሚጣመረውን ነው። ጥንዱን ለማወቅ ደግሞ በመካከል ስንት ከፋች ተከፍቶ ስንቱ እንደተዘጋ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ከፓተርኖችዎ አንዱም ይህን ማስታወሻ የሚይዝበት ቦታ የለውም።

ይህ የጽሕፈት ብልሃት ጉድለት ሳይሆን የመሣሪያው ተፈጥሮ ነው። የሒሳብ ሊቁ ስቲቨን ክሌይኒ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ሬጉላር በሚባሉት አገላለጾች (ሬጄክስ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው) ሊገለጽ የሚችለው ነገር የሁኔታዎቹ ቁጥር የተወሰነ ማሽን ሊለየው ከሚችለው ነገር ጋር አንድ ነው። እንዲህ ያለው ማሽን «አሁን በየትኛው ሁኔታ ላይ ነኝ?» ከሚለው በስተቀር ሌላ ማስታወሻ የለውም።

በትንሽ ቁጥር ብንሞክረው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ሦስት ሁኔታ ብቻ ያለው ማሽን አለን እንበልና ከፋች ቅንፍ በተከታታይ እንስጠው። ምንም ሳይሰጠው፣ አንድ ሲሰጠው፣ ሁለት ሲሰጠው፣ ሦስት ሲሰጠው፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ የሆነ ሁኔታ ላይ መገኘት አለበት፤ ያሉት ሁኔታዎች ግን ሦስት ስለሆኑ ቢያንስ ሁለቱ ጊዜያት አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ከአንድ ከፋች በኋላና ከሦስት ከፋች በኋላ ያለው ሁኔታ አንድ ሆነ እንበል። ከዚህ ቀጥለን አንድ ዘጊ ብንሰጠው፣ «()» ትክክል ነው ካለ «((()» ትክክል ነው ማለቱም የግድ ነው፤ ሁለቱን የሚለይበት ምንም ነገር የለውምና። ሁኔታዎቹን ወደ 1000 ብናሳድግለት እኛም 1000 ከፋች ይዘን እንመጣለን።

እንግዲህ «ጥልቀቱ ምንም ያህል ቢሆን» የሚለው ሐረግ ነው ጥያቄዎን የማይቻል ያደረገው። ጥልቀቱ ከታወቀ ግን ይቻላል፤ ሦስተኛው ሙከራዎ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ አንዳች ስህተት የለበትም። ፓተርኑንም በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። ከ«[^()]*» ተነሥተው በእያንዳንዱ ዙር ያለውን በ«(?:[^()]|\(» እና በ«\))*» መካከል እያስገቡ የሚያጠቃልል ትንሽ ሉፕ ይጻፉ። እያንዳንዱ ዙር 15 ምልክት ስለሚጨምር፣ አሥር ደረጃ የሚችለው ፓተርን 156 ምልክት ብቻ ይሆናል። ሲያዩት ያስቀይማል፤ ይሁንና ለአንድ ጊዜ ሥራ እኔ ራሴ አድርጌው አውቃለሁ፤ አሥር ደረጃ የገባ ጥሪ ያለበት ኮድ ካለዎት ደግሞ ከሬጄክስ የሚበልጥ ችግር አለብዎት።

---

ወደ_ራሱ

ከእኔ በፊት የተሰጠው መልስ ስለ ንድፈ ሐሳቡ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዛሬ በፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ውስጥ ሬጄክስ ተብለው የሚቀርቡት ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከክሌይኒ አገላለጾች ከራቁ ቆይተዋል። ፒኤችፒ የሚጠቀምበት ፒሲአርኢ የተባለው ላይብረሪ ፓተርን ራሱን እንዲጠራ ይፈቅዳል፤ ፐርልም እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው 5.10 እትሙ ይህንኑ ተቀብሏል። በዚህ መንገድ የእርስዎ ፓተርን እንዲህ ይሆናል፦

`ምዝግብ(\((?:[^()]++|(?1))*+\))`

ሲነበብ እንዲህ ነው፦ «ምዝግብ» ከሚለው ስም በኋላ የሚመጣው ግሩፕ 1 (በፓተርኑ የመጀመሪያ ተራ ቅንፍ የታቀፈው ክፍል) በከፋች ይጀምራል፤ ውስጡ ቅንፍ ያልሆኑ ፊደላትን ወይም ደግሞ ራሱን ግሩፕ 1ን በፈለገው መጠን ይይዛል፤ ከዚያ በዘጊ ያልቃል። «(?1)» ማለት «እዚህ ላይ የግሩፕ 1ን ፓተርን እንደገና አስገባ» ማለት ነው። አስቀድሞ ያገኘውን ጽሑፍ ድገም ማለት አይደለም፤ ለዚያ ያለው ምልክት «\1» ነው፤ ሁለቱ ብዙ ሰው ያደናግራሉ።

የተደጋገሙት የመደመር ምልክቶች ጌጥ አይደሉም። «++» የያዘውን ፊደል መልሶ የማይለቅ መደጋገሚያ ነው። በእሱ ፈንታ «(?:[^()]+|(?1))*» ብለው ቢጽፉና የመዝጊያው ቅንፍ የጎደለ ጥሪ ቢገጥመው፣ ፓተርኑን የሚያስኬደው ፕሮግራም ዘጊ ሲያጣ «ምናልባት ፊደላቱን በሌላ መንገድ ብከፋፍላቸው ይገኝ ይሆናል» በሚል ግምት ወደ ኋላ እየተመለሰ ይሞክራል። 30 ተከታታይ ፊደላት በዚህ ዓይነት መደጋገም ውስጥ 536,870,912 የተለያየ አከፋፈል አላቸው። አንድም ቅንፍ ሳይገኝ ፕሮግራሙ ተሰቅሎ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ተደራራቢ መደጋገም ባይኖርም እንኳ ወደ ኋላ መመለሱ ዋጋ ያስከፍላል። የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ለ34 ደቂቃ ከአገልግሎት ውጭ የሆነው፣ ከጽሑፍ ጫፍ ላይ ባዶ ቦታ የሚቆርጥ ቀላል ፓተርን 20,000 ያህል ተከታታይ ባዶ ቦታ በያዘ አንድ ጽሑፍ ላይ ስለሠራና 200 ሚሊዮን ገደማ ፍተሻ ስላስከተለ ነበር።

በፒኤችፒ የሚሠራ አንባቢ ካለ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ኋላ የመመለሻው ብዛት በነባሪ 1,000,000 ላይ የተገደበ ሲሆን፣ ገደቡ ሲታለፍ የፍለጋ ፈንክሽኑ «አልተገኘም» የሚለውን 0 ሳይሆን ስህተት መኖሩን የሚያመለክተውን «ሐሰት» የሚል እሴት ይመልሳል። ሁለቱን በደንብ ያልለየ ኮድ የተበላሸውን ፋይል «ምንም የለበትም» ብሎ ያልፈዋል።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስንመለስ፣ ከፓይተን ጋር የሚመጣው የሬጄክስ ሞጁል ራስን መጥራትን አይደግፍም፤ መልሰው የማይለቁትን መደጋገሚያዎች እንኳ ያገኘው በ3.11 እትም ነው። ለብቻው የሚጫነውና «ሬጄክስ» ተብሎ የሚጠራው ተጨማሪ ላይብረሪ ግን ከላይ ያለውን ፓተርን እንዳለ ይቀበላል። ጃቫና ጃቫስክሪፕት ይህ ችሎታ የላቸውም። ሩቢ በራሱ አጻጻፍ ይደግፈዋል፤ ዶትኔት ደግሞ ግሩፖችን ወደ ቁልል (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ወደሚወጣበት ማከማቻ) በማስገባትና በማውጣት ቅንፍ የሚያመዛዝንበት የተለየ ዘዴ አለው። የጎ ቋንቋና አርኢ2 የተባለው ላይብረሪ ሆን ብለው ትተውታል፤ በምትኩ የፍለጋው ጊዜ ከጽሑፉ ርዝመት ጋር ብቻ ተመጣጥኖ እንደሚያድግ ዋስትና ይሰጣሉ። ይህ ልውውጥ ለእኔ ተገቢ ይመስለኛል።

---

ቶከን_በቶከን

የ«ወደ_ራሱ» ፓተርን ውብ ነው፤ ነገር ግን የእርስዎን ሥራ ግማሽ ብቻ ይሠራል። የጥሪውን ዳርቻ ያገኝልዎታል፤ አርጊዩመንቶቹን ግን አይለይልዎትም። አርጊዩመንቶችን የሚለየው ነጠላ ሰረዝ ነው፤ ሆኖም በ«ቅረጽ(ስም, ዕድሜ(ሰው))» ውስጥ ያለው ሰረዝ የ«ቅረጽ» እንጂ የ«ምዝግብ» አይደለም። ግሩፕ ጨምሬ እይዛቸዋለሁ ቢሉ፣ የሚደጋገም ግሩፕ የሚያስቀረው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ በፒሲአርኢ ደግሞ ራስን በመጥራት ውስጥ የተያዘው ከጥሪው ሲመለስ ወደ ቀድሞው ይዞታው ይመለሳል።

ከዚህ የሚብሰውን እስካሁን ያነሣው የለም። እነዚህ ፓተርኖች ሁሉ ቅንፍ ያዩ ሁሉ ቅንፍ ነው ብለው ያምናሉ። በእውነተኛ ኮድ ውስጥ ግን ይህም አለ፦

`ምዝግብ(2, ቅረጽ("ሀ)", ዕድሜ(ሰው)))`

በጥቅስ ውስጥ ያለው ዘጊ የጽሑፍ አካል እንጂ ቅንፍ አይደለም። ከኮሜንት (ለአንባቢ ብቻ ከተጻፈ ማስታወሻ) ውስጥ የተጻፈ ቅንፍም እንደዚሁ ነው። በእኔ ልምድ ስክሪፕቶችን የሚጥላቸው የቅንፉ ጥልቀት አይደለም፤ ከጥልቀቱ ይልቅ ስትሪንግ (በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ) እና ኮሜንት ብዙ ጊዜ ጠልፈው ጥለውኛል።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት። ሬጄክስ ጽሑፉን ወደ ቶከን (ለብቻው ትርጉም ወዳለው ትንሽ ቁራጭ) ይቁረጥ፤ መቁጠሩን ደግሞ ተራ ቆጣሪ ይሥራ። ኮሜንት በ«#» የሚጀምርና ስትሪንግ በድርብ ጥቅስ የሚጻፍ ከሆነ መቁረጫው ይህ ነው፦

`"(?:[^"\\]|\\.)*"|#.*|[(),]|[^"#(),]+|.`

ከግራ ወደ ቀኝ፦ ሙሉ ስትሪንግ፣ እስከ መስመሩ መጨረሻ የሚሄድ ኮሜንት፣ ቅንፍ ወይም ነጠላ ሰረዝ፣ ከእነዚህ ውጭ የሆነ ጽሑፍ፣ በመጨረሻም ማንኛውም አንድ ፊደል። በስትሪንጉ ውስጥ ያሉት ሁለት አማራጮች አንድ ፊደል ላይ ፈጽሞ ስለማይገናኙ፣ ከላይ የተነገረው የአከፋፈል ፍንዳታ እዚህ አይደርስም።

በፓተርኑ መጨረሻ ያለችውን ነጥብ («.») እንዳይተዋት አደራ። «ሁሉንም ፈልግ» የሚሉት ፈንክሽኖች የማይገጥም ፊደል ሲያገኙ ድምፅ ሳያሰሙ ዘለውት ያልፋሉ፤ ፋይሉን ከቶከኖቹ መልሰው ሲጽፉ ያ ፊደል ጠፍቶ ይገኛል። ነጥቧ ካለች ግን ያልተዘጋ ጥቅስ ለብቻው ቶከን ሆኖ ይወጣል። እኔ ያንን ቶከን ሳይ ስክሪፕቱ ፋይሉን ሳይነካ የመስመሩን ቁጥር ነግሮኝ እንዲያልፍ አደርጋለሁ።

ከላይ ያለውን ምሳሌ ቶከን በቶከን እንከተለው። «ምዝግብ» ሲያልፍ ቆጣሪው 0 ነው። ከፋቹ 1 ያደርገዋል። «2» ያልፋል። ነጠላ ሰረዝ ይመጣል፤ ቆጣሪው 1 ስለሆነ ይህ የእኛ ሰረዝ ነው፤ የመጀመሪያው አርጊዩመንት እዚህ ላይ አለቀ። «ቅረጽ» ያልፋል፤ ከፋቹ ቆጣሪውን 2 ያደርገዋል። ከዚያ «"ሀ)"» እንደ አንድ ቶከን ይመጣል፤ በውስጡ ያለውን ዘጊ ማንም አያየውም። ቀጥሎ የሚመጣው ሰረዝ ቆጣሪውን 2 ላይ ስለሚያገኘው አይመለከተንም። የ«ዕድሜ» ከፋች 3 ያደርሰዋል፤ «ሰው» ያልፋል፤ ሦስቱ ዘጊዎች ወደ 2፣ ወደ 1፣ ወደ 0 ያወርዱታል። 0 ሲደርስ ጥሪው አለቀ። በእጃችን ያሉት ሁለት አርጊዩመንቶች «2» እና «ቅረጽ("ሀ)", ዕድሜ(ሰው))» ናቸው፤ ቦታ ማለዋወጡ ከዚህ በኋላ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

አንድ ቆጣሪ የሚበቃው የቅንፉ ዓይነት አንድ ሲሆን ነው። ባለ ማዕዘን ቅንፍና ባለ ጥምዝ ቅንፍም መቁጠር ካስፈለገ ለእያንዳንዱ ቆጣሪ ከማቆም ይልቅ ቁልል ይጠቀሙ። ምክንያቱም «([)]» የሚለው የተሳሳተ አጻጻፍ ቆጣሪዎቹን ሁሉ በሰላም ወደ 0 ይመልሳቸዋል፤ ቁልሉ ግን ዘጊው ሲመጣ ከላዩ ያለው ከፋች የእሱ ጥንድ አለመሆኑን ወዲያው ያያል።

ለመተካት ሲመጡ ደግሞ የጥሪዎቹን መነሻና መድረሻ አስቀድመው ሰብስበው ከፋይሉ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው ይተኩ። ከመጀመሪያው ከጀመሩ አንዱን ተክተው ርዝመቱ ሲለወጥ ከእሱ በኋላ ያሉት አድራሻዎች ሁሉ ይንሸራተታሉ። በ«ምዝግብ» ውስጥ ሌላ «ምዝግብ» ካለ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ አርጊዩመንቱን ቦታ ለሚያለዋውጠው ለራሱ ለስክሪፕትዎ ፈንክሽን መልሰው ይስጡት፤ ውስጡ ተስተካክሎ ሲመለስ ውጭኛውን ያስተካክሉ።

---

አርታኢ_ብቻ

ስክሪፕት መጻፍ ለማይፈልግ ሰው አንድ አጭር መንገድ ልጠቁም። «\([^()]*\)» የሚለው ፓተርን በውስጡ ሌላ ቅንፍ የሌለውን፣ ማለትም ከሁሉ ወደ ውስጥ የገባውን ጥንድ ብቻ ያገኛል። ያንን ጥንድ በፋይሉ ውስጥ በሌለ ምልክትና በተራ ቁጥር ለምሳሌ በ«§1§» ተክተው ደግመው ቢፈልጉ፣ ቀድሞ ሁለተኛ የነበረው አሁን ከሁሉ ወደ ውስጥ የገባው ይሆናል። የሚተካ እስኪጠፋ ከደጋገሙ በኋላ የተነቀሉትን በተቃራኒ ቅደም ተከተል መልሰው ይሰክታሉ። ክሌይኒ የማይፈቅደውን መቁጠር እዚህ ላይ የሚሠራው ሉፑ ነው።

ከዚህ ሌላ፣ ፋይሎቹ ራሳቸው በፓይተን የተጻፉ ከሆኑ ቶከን መቁረጫ ከባዶ መጻፉ ለምን አስፈለገ? ቋንቋው የራሱ ቶከናይዘር ሞጁል አለው፤ ኮሜንትንም ቦታንም ጠብቆ ያመጣል። የአገባብ ዛፍ (የኮዱን አወቃቀር በዛፍ መልክ የሚያሳይ) የሚሠራው ሞጁልም አለ፤ እሱ ግን ኮሜንቶችን ስለሚጥል ፋይሉን ከዛፉ መልሶ መጻፍ የባልደረቦችን ማስታወሻ ሁሉ ማጥፋት ይሆናል። ዛፉን ጥሪው የሚገኝበትን መስመርና ዓምድ ለማወቅ ብቻ ተጠቅሞ፣ ለውጡን በዋናው ጽሑፍ ላይ ማድረግ ይሻላል።

---

ቅንፍ_ፈላጊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፋይሎቹ በፓይተን ሳይሆን በራሳችን የቴምፕሌት ቋንቋ የተጻፉ በመሆናቸው የተዘጋጀ ቶከናይዘር የላቸውም፤ ስለዚህ የ«ቶከን_በቶከን»ን መንገድ ተከተልኩ። መጀመሪያ ላይ ግን በራሴ ብልሃት አበላሸሁት፤ መቁረጫውን በአንድ ፓተርን ከማድረግ ይልቅ በመጀመሪያ ዙር ስትሪንጎችን፣ በሁለተኛ ዙር ኮሜንቶችን እያወጣሁ ነበር። በአንድ ፋይል ውስጥ ይህን የመሰለ መስመር አጋጠመኝ፦

`# የ" ምልክት እዚህ አይፈቀድም`

የመጀመሪያው ዙር ይህንን ብቸኛ ጥቅስ እንደ ስትሪንግ መክፈቻ ቆጥሮ፣ ከታች ባለው መስመር ላይ ካለው የእውነተኛ ስትሪንግ መክፈቻ ጋር አጣመረው። ከዚያ በኋላ እስከ ፋይሉ መጨረሻ ድረስ ስትሪንግ የነበረው ኮድ፣ ኮድ የነበረው ስትሪንግ ሆነ። ቅደም ተከተሉን ብገለብጠው ደግሞ በስትሪንግ ውስጥ ያለ «#» ኮሜንት ሆኖ ቀሪውን መስመር በላው። ሁለቱን በአንድ ፓተርን ውስጥ ሳስገባቸው ችግሩ ጠፋ፤ ለካስ በጽሑፉ ውስጥ ቀድሞ የጀመረው ቀድሞ ይያዛል፤ በፓተርኑ ውስጥ የተጻፉበት ተራ የሚወስነው ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ሲጀምሩ ብቻ ነው።

አሁን የቀረችኝ አንዲት ጉዳይ ናት። «የቀን_ምዝግብ» የሚባል ሌላ ፈንክሽን አለ፤ ስክሪፕቱም ስሙ በ«ምዝግብ» ስለሚያልቅ የእሱንም አርጊዩመንቶች አለዋውጦብኛል።

---

ቶከን_በቶከን

እሱ የእኔ ስህተት ነው። «[^"#(),]+» ስምን፣ የእኩል ምልክትንና ባዶ ቦታን አንድ ላይ ጠቅልሎ ስለሚያመጣ፣ እርስዎ የቶከኑን መጨረሻ ብቻ ለማየት ተገደዋል። ስም ለብቻው ቶከን ይሁን። ከቅንፉ አማራጭ በፊት «[ሀ-ፚ_0-9]+» የሚለውን ያስገቡና ከእሱ በኋላ ያለውን አማራጭ «[^"#(),ሀ-ፚ_0-9]+» ያድርጉት። ከዚያ ቶከኑ በሙሉ ከ«ምዝግብ» ጋር እኩል ነው ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ስሙ የሚያልቅበትን ፊደል ማየት አይኖርብዎትም። የእውነተኛው ኮድ ስሞች በላቲን ፊደል ከሆኑ በማዕዘን ቅንፎቹ ውስጥ የላቲኑን ፊደላት ይተኩበት።

የቃል ወሰን የሚያመለክተውን ምልክት ልጠቀም ብለው ካሰቡ ቋንቋውን ያስተውሉ። ፓይተን 3 የግዕዝን ፊደል እንደ ቃል ፊደል ስለሚቆጥር ችግር የለውም። ጃቫስክሪፕት ግን በዚያ ምልክት የቃል ፊደል ብሎ የሚያውቀው የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና የግርጌ ሰረዝን ብቻ ስለሆነ፣ በ«የቀን_ምዝግብ» ውስጥ ልክ ከግርጌ ሰረዙ በኋላ ወሰን አለ ይልዎታል፤ ስህተቱም እንደነበረ ይመለሳል።

---

ቅንፍ_ፈላጊ

የስሙን ቶከን ከጨመርኩ በኋላ ስክሪፕቱን በሁሉም ፋይሎች ላይ አስኬድኩት። ሁለት ፋይሎች ላይ በመጨረሻዋ ነጥብ ምክንያት ቆመ፤ ከፍቼ ሳያቸው በሁለቱም ውስጥ በእርግጥም ያልተዘጋ ጥቅስ ነበረ፤ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ እንደዚያው የተቀመጠ ነው። እነሱን በእጅ አስተካክያለሁ፤ ጥያቄው ተመልሷል።